«ልግባ ወይስ ልቅር?» ስለ ካንሰር የሕክምና ሙከራና ስለ ወዳጅ ድርሻ

በሮቤ ዙሪያ ያሉት የስንዴ ማሳዎች በኮምባይነር በሚታጨዱበት በታኅሣሥ ወር፣ ጎባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር የልብ ወዳጃችን አሥራ አራቱን ኪሎ ሜትር ተሳፍሮ ከቤታችን መጣ። በእጁ አንድ ትልቅ ፖስታ ይዞ ነበር። በፖስታው ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሃያ ሁለት ገጽ ሰነድ አለ። ወዳጃችን የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕመምተኛ ነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ኬሞቴራፒም ወስዶ፣ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ደህና ከርሞ ነበር፤ በኋላ ግን በሽታው ወደ ጉበቱ ተዛምቶ ተገኘ። ወንድሞቹ ገንዘብ አሰባስበው ከአገር ውጭ ወደሚገኝ አንድ የሕክምና ማዕከል ቢልኩት፣ ሐኪሞቹ በሰው ላይ ገና በመሞከር ላይ ባለ አዲስ መድኃኒት ጥናት ውስጥ መሳተፍ እንደሚችል ነገሩት። አስቦበት እንዲወስንም የሦስት ሳምንት ጊዜ ሰጡት።

«አንተ ቁጥር ታውቃለህ፤ ውጭ አገርም ተምረሃል። አንብበውና ልግባ ወይስ ልቅር ንገረኝ» አለን።

እኛም ሰነዱን ሳንገልጥ «ግባ እንጂ! ምን የምታጣው ነገር አለ?» ብለን መለስንለት። ይህን ያልነው ከፍቅር ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ምሽት ሃያ ሁለቱን ገጾች አንብበን ስንጨርስ፣ መልሳችን ከአንድ የሳይንስ መምህር የማይጠበቅ እንደነበረ ተረዳን። ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ መልስ ስሕተት የሆነበትን ምክንያት ማስረዳትና በእንዲህ ያለ ሰዓት ወዳጅ የሆነ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ማመልከት ነው። ወዳጃችን ታሪኩ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ፈቅዶልናል፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ግን ስሙን አናነሳም። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕክምና እና የሕክምና ሙከራ

አንድ ሐኪም ለአንድ ሕመምተኛ መድኃኒት ሲያዝ የሚጠይቀው ጥያቄ «ለዚህ ሰው የሚበጀው የትኛው ነው?» የሚል ነው። የሕክምና ሙከራ ግን የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ይህ መድኃኒት እንዲህ ባለው በሽታ በተያዙ ሰዎች ላይ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አንድ ሰው ሲሆን ሁለተኛው ስለ ብዙ ሰዎች ነው። የመጀመሪያው መልሱን የሚፈልገው ለዛሬው ሕመምተኛ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዋናነት ለነገዎቹ ነው።

ሁለቱም በአንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ነጭ ጋውን በለበሱ ሐኪሞች፣ በተመሳሳይ መርፌና ምርመራ ስለሚከናወኑ ሕመምተኛው አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ብዙ ሰዎች በጥናት ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዱ ነገር ለእነርሱ ጥቅም ሲባል ብቻ የተመረጠ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ዓይነቱን የተሳሳተ ግንዛቤ ለይተው ስም ሰጥተውታል፤ በእኛ ቋንቋ «ምርምርን እንደ ሕክምና መቁጠር» ልንለው እንችላለን። በጥናት ውስጥ ግን የመድኃኒቱ መጠን፣ የምርመራው ቀን፣ አንዳንዴም መድኃኒቱን ማን እንደሚያገኝ የሚወሰነው አስቀድሞ በተጻፈ የጥናት ዕቅድ ነው። ይህ ማለት ተመራማሪዎቹ ለሕመምተኛው ደንታ የላቸውም ማለት አይደለም፤ ሥራው ሁለት ዓላማ አለው ማለት ነው።

የሲናና ማሳና ዕጣው

የባሌ ሰው ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ የሚገኘው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ዝርያዎችን የሚፈትነው በዚሁ ዘዴ ነው። አዲሱ ዝርያ ከነባሩ ይሻል እንደሆነ ለማወቅ፣ ማሳው በትናንሽ መደቦች ይከፈላል። አዲሱን ለም በሆነው ጥግ፣ ነባሩን ደግሞ ውኃ በሚተኛበት ጥግ ብንዘራ፣ የምርቱ ልዩነት ከዘሩ ይምጣ ከመሬቱ መለየት አንችልም። ስለዚህ የትኛው ዘር በየትኛው መደብ እንደሚዘራ በዕጣ ይወሰናል። ይህን ዘዴ በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ያስፋፋው ሮናልድ ፊሸር የተባለው የስታትስቲክስ ሊቅ ነበር። ከእርሻ ወደ ሕክምና ተሸጋግሮም በ1948 ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ለሳንባ ነቀርሳ መጥቀሙ የተረጋገጠው ሕሙማኑን በዕጣ በመመደብ ነበር።

ዕጣ ለምን ያስፈልጋል? ሐኪሙ ደህና የሚመስሉትን ሕሙማን ለአዲሱ መድኃኒት፣ የደከሙትን ለነባሩ ቢመርጥ፣ አዲሱ ያለ ሥራው ይመሰገናልና ነው። ዕጣው ፍትሐዊ የሚሆነው ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በእርግጥ ካልታወቀ ብቻ ነው። አንደኛው እንደሚሻል አስቀድሞ ከታወቀ ዕጣ መጣል በሰው ሕይወት መጫወት ይሆናል።

የስንዴው ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። በ2010 በአገራችን ቢጫ ዋግ በብዛት ተነስቶ ነባር ዝርያዎችን ካጠቃ በኋላ፣ በባሌና በአርሲ ብዙ ገበሬዎች ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን «ዲገሉ» የተባለ ዝርያ በስፋት ዘሩ። በ2013 ግን ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ ያንኑ ዝርያ ክፉኛ አጠቃው። ፈተናው ሐሰት አልነበረም፤ የመለሰው የተጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነበር። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። «ዕጢን ያሳንሳል» የሚል ውጤት «ዕድሜን ያረዝማል» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ሦስቱ ምዕራፎች

አንድ አዲስ የካንሰር መድኃኒት በቤተ ሙከራና በእንስሳት ከተፈተነ በኋላ ወደ ሰው የሚሸጋገረው በምዕራፍ ተከፍሎ ነው። በነገራችን ላይ ሐኪም የካንሰሩን «ደረጃ» ሲናገር የበሽታውን መስፋፋት ማለቱ ነው፤ የጥናቱ «ምዕራፍ» ግን ስለ መድኃኒቱ የታወቀውን ያህል ያመለክታል። ሁለቱ መምታታት የለባቸውም።

ምዕራፍ አንድ የሚጠይቀው «ሰውነት የሚችለው መጠን ስንት ነው?» የሚለውን ነው። በዲንሾ ዙሪያ የኮሶ ዛፍ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ኮሶ ቢያንስ ትሉን አያወጣም፤ ቢበዛ ጠጪውን ይጎዳል። አባቶቻችን ልኩን ያወቁት በብዙ ሰው ድካም ነው። ምዕራፍ አንድ ይህንኑ ልክ በሥርዓት ይፈልገዋል። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ሦስት ሕሙማን አነስተኛውን መጠን ይወስዳሉ። ከባድ ጉዳት ካልታየ ቀጣዮቹ ሦስት ከፍ ያለውን ይወስዳሉ፤ ጉዳት እስኪታይ ድረስ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል። ስለዚህ ቀድሞ የገባ ሰው ለመፈወስ የማይበቃ አነስተኛ መጠን ሊደርሰው ይችላል። ዘግይቶ የገባው ደግሞ በቂውን መጠን የማግኘት ዕድሉ ከፍ ሲል፣ የመጎዳት አደጋውም አብሮ ይጨምራል። በዚህ ምዕራፍ የሚሳተፉት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አሥር ሰዎች ናቸው።

ምዕራፍ ሁለት በተመረጠው መጠን፣ በብዛት ከአንድ መቶ ባልራቁ ወይም በጥቂት መቶ በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ መድኃኒቱ ዕጢውን ይነካው እንደሆነ ይመረምራል። ምዕራፍ ሦስት ደግሞ በመቶዎች አልፎም በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማንን በዕጣ መድቦ አዲሱን ከነባሩ ሕክምና ጋር ያወዳድራል። ብዙዎች «ፕላሲቦ» የተባለውን፣ መድኃኒትነት የሌለውን አስመሳይ ክኒን ይፈራሉ። የሚሠራ ሕክምና ላለው ካንሰር ግን ፕላሲቦ ብቻውን መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ካለም አብዛኛውን ጊዜ በመደበኛው ሕክምና ላይ የሚጨመር ነው።

የወዳጃችን ሰነድ የምዕራፍ አንድ ነበር። እርሱ የሚመደበውም በአራተኛው የመጠን ቡድን ነው። በአራተኛው ገጽ ላይ «ይህ ጥናት ለእርስዎ የሕክምና ጥቅም ላይሰጥ ይችላል» የሚል ቃል ሰፍሯል። ወዳጃችን ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቦት እንደነበር፣ ነገር ግን «ለወጉ የሚጻፍ» እንደ መሰለው ነገረን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ምዕራፍ አንድ በጥቅሉ ምን ውጤት አለው? በ2005 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ ከ1991 እስከ 2002 የተካሄዱ 460 የምዕራፍ አንድ የካንሰር ጥናቶችንና 11,935 ተሳታፊዎቻቸውን መርምሯል። ዕጢው የጠፋላቸው ወይም በጉልህ ያነሰላቸው 10.6 በመቶ ሲሆኑ፣ በመድኃኒቱ ምክንያት የሞቱት 0.49 በመቶ ነበሩ። በ2022 የታተመ ሌላ ግምገማ ከ2000 እስከ 2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ድጋፍ የተደረጉትን ተመልክቶ፣ ምላሽ ያገኙት ሰዎች መጠን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከነበረበት 9.6 በመቶ በመጨረሻዎቹ ወደ 18 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። በመድኃኒቱ ምክንያት የደረሰው ሞት 0.7 በመቶ ያህል ነበር። ውጤቱ እንደ ካንሰሩና እንደ መድኃኒቱ ዓይነት በእጅጉ ይለያያል።

ይህን ወደምናውቀው ነገር እንለውጠው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ መቶ ሕሙማን ተቀምጠዋል እንበል። በኋለኛው ቁጥር ብናሰላ ዕጢያቸው የሚያንስላቸው አሥራ ስምንት ያህል ናቸው፤ ሰማንያ ሁለቱ ይህን አያገኙም። በመድኃኒቱ የሚሞተው አንድ ሰው እንኳ አይሞላም፤ ሕይወትን ሳያሳጣ የሚያደክም የጎንዮሽ ጉዳት የሚደርስባቸው ግን ብዙዎች ናቸው። በተጨማሪም «ምላሽ» የሚለው ቃል ዕጢው አነሰ ማለት ነው እንጂ በሽታው ዳነ ማለት አይደለም።

ወዳጃችን ይህን ሰምቶ «ታዲያ እኔ ከአሥራ ስምንቱ ነኝ ወይስ ከሰማንያ ሁለቱ?» ሲል ጠየቀን። በዚህ ጊዜ ለማስተማሪያነት የምንጠቀምበት የኮባልት 60 ምሳሌ ትዝ አለን። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 የተጀመረውና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ ሆኖ የቆየው የጨረር ሕክምና የሚሠራው በኮባልት 60 ነበር። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። ይህም ማለት ዛሬ ካሉት ኒውክሊየሶች መካከል ግማሾቹ ከ5.27 ዓመት በኋላ ይበተናሉ፤ የጨረሩ ኃይል በግማሽ ስለሚቀንስም በፊት ሁለት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጨረር አራት ደቂቃ ይወስዳል። ይህን ያህል በትክክል እናውቃለን። ነገር ግን ከእነዚያ ኒውክሊየሶች አንዱን ለይተን «አንተ መቼ ትበተናለህ?» ብንለው መልስ የለም። የብዙዎቹ ዕጣ የታወቀ ነው፤ የአንዱ ግን አይታወቅም።

ሰውና ኒውክሊየስ በአንድ ነገር ይለያያሉ። የኮባልት ኒውክሊየሶች አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ሕሙማን ግን በዕድሜ፣ በአቅም፣ በካንሰሩ የዘር ለውጥ ይለያያሉ። ስለዚህ ሐኪሙ «የእኔ ካንሰር ይህ መድኃኒት የሚያነጣጥርበት ምልክት አለው ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ያንን አሥራ ስምንት ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። እርግጠኝነትን ግን አይሰጥም።

ተስፋው የሰመረበትና የከሸፈበት ጊዜ

ይህን ስንል ምዕራፍ አንድ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በ1998 ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ በሚባል የደም ካንሰር ሕሙማን ላይ መሞከር ጀመረ። በቀን 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሰዎች መካከል የ53ቱ የደም ቁጥር ወደ ጤናማ ልኩ ተመለሰ። መድኃኒቱም በ2001 በአሜሪካ ጸደቀ። በኋላም ግሊቬክ በሚባለው የንግድ ስሙ በዕርዳታ ፕሮግራም አማካይነት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚታከሙ ኢትዮጵያውያን ደርሷል። በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካም፣ በ1967 በካምፓላ የተቋቋመው የካንሰር ተቋም በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን በርኪት ሊምፎማ በኬሞቴራፒ ማዳን እንደሚቻል ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ የገቡት የኡጋንዳ ሕፃናት ዛሬ በመላው ዓለም ለሚሰጠው ሕክምና መሠረት ጥለዋል።

የከሸፈውን ደግሞ እንመልከት። በ1990ዎቹ ዓመታት የጡት ካንሰር የተዛመተባቸው ሴቶች በጣም ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ ወስደው የመቅኔ ሕዋሳት ቢተካላቸው ይድናሉ የሚል ጽኑ እምነት ነበር። ሐኪሞችም ሕሙማንም ስላመኑበት ብዙዎች ሕክምናውን ከጥናት ውጭ ወሰዱት፤ በዕጣ ለመመደብ ፈቃደኛ የሆኑት ጥቂቶች ስለነበሩም እውነቱ ለመታወቅ ዘገየ። በ1999 ዕጣ የተጣለባቸው ጥናቶች ውጤት ሲቀርብ ከመደበኛው ሕክምና የተሻለ አልነበረም። ታላቅ ጥቅም አሳየ የተባለው አንድ የደቡብ አፍሪካ ጥናት በ2000 ሲመረመር የሐሰት ሆኖ ተገኘ። ያን ሁሉ ሥቃይ የተቀበሉት ሴቶች «ምን የምናጣው ነገር አለ?» ብለው ነበር የገቡት። ያጡት ግን ነበር፤ ሰላም ያላቸውን ወራት አጥተዋል።

«የሙከራ አይጥ» የሚለው ፍርሃት

የወዳጃችን እናት ነገሩን ሲሰሙ በመጀመሪያ ያሉን «ልጄን የሙከራ አይጥ ሊያደርጉት ነው ወይ?» የሚል ነበር። ይህ ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ከ1932 እስከ 1972 በአሜሪካ ተስኪጊ በተባለ ስፍራ 399 የቂጥኝ ሕመምተኛ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ምንነቱ ሳይነገራቸው በጥናት ውስጥ ቆይተዋል፤ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም እንኳ ተነፍጓቸዋል። ከናዚ ሐኪሞች የፍርድ ሂደት የወጣው የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብ፣ ቀጥሎም የ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ያለ ሰውየው ፈቃድ ምርምር እንዳይደረግ የሚያዝዙት እንዲህ ያለው በደል እንዳይደገም ነው። በአገራችንም አንድ የመድኃኒት ሙከራ የሚካሄደው በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ተገምግሞና የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲፈቅድ ነው።

ኢትዮጵያውያን በእንዲህ ያለ ጥናት ተሳትፈው ለዓለም የጠቀሙበት ጊዜም አለ። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከሃያ ወር ወደ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር ሊያጥር ይችል እንደሆነ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም 424 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ተጠንቷል። በአገራችን ጥናቱ የተካሄደው በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በኩል ነበር። በ2019 የታተመው ውጤት አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ የማያንስ መሆኑን አሳየ፤ በአጭሩ ግን በልብ የኤሌክትሪክ ምት ላይ የሚታየው ለውጥ በርከት ብሎ ስለተገኘ ክትትል እንደሚያሻው ተገለጠ። ተሳታፊዎቹ አይጦች አልነበሩም፤ ጥያቄውን አውቀው የተባበሩ ሰዎች ነበሩ። በሰውና በአይጥ መካከል ያለው ልዩነት ማወቅና መፍቀድ ነው።

ይህም ወደ አንድ የአገራችን ልማድ ያመጣናል። በብዙ ቤተሰብ የካንሰር ስም ለታማሚው አይነገርም። የወዳጃችንም ታላቅ ወንድም ገና በመጀመሪያው ምርመራ ጊዜ ሐኪሙን «ለእርሱ አይንገሩት» ብሎ ለምኖ ነበር። ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ነገር ግን በሽታውን የማያውቅ ሰው ስለ በሽታው ሙከራ ሊስማማ አይችልም። ከተደበቀበት ሰው የሚወሰድ ፊርማ ስምምነት አይባልም።

የወዳጅ ድርሻ

ወዳጅ ምን ሊያደርግ ይችላል? በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከተማርነው ጥቂቱን እናካፍል።

በመጀመሪያ፣ አለመወሰን ነው። «ግባ» ወይም «አትግባ» የሚል ወዳጅ ውጤቱ ሲከፋ የማይሸከመውን ዕዳ ያስቀምጣል። ሕመምተኛውም ወዳጁን ላለማሳዘን ሲል ከልቡ ውጭ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሰነዱን አብሮ ማንበብና ሰውየው በሚያስብበት ቋንቋ መልሶ መናገር ነው። እኛ ሃያ ሁለቱን ገጾች በአማርኛ በሁለት ገጽ አሳጠርናቸው። የወዳጃችን እህት ደግሞ ለእናታቸው በአፋን ኦሮሞ አስረዳቻቸው። ከዚያም ወዳጃችን ራሱ መጽሐፍ ሳያይ ጥናቱን እንዲያስረዳን ጠየቅነው። ተማሪ መረዳቱ የሚታወቀው መልሶ ማስረዳት ሲችል ነውና። በሁለተኛው ሙከራ በሚገባ አስረዳን።

ሦስተኛ፣ ጥያቄዎችን ጽፎ ከሐኪሙ ዘንድ አብሮ መሄድ ነው። ሕመምተኛ በድንጋጤ ውስጥ የሚሰማው ግማሹን ብቻ ነው፤ ሌላ ጆሮ ያስፈልገዋል። የጻፍናቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ነበሩ።

ጥናቱ ስንተኛ ምዕራፍ ነው? እስካሁን ስንት ሰው ወስዶታል፤ ምንስ ሆነ?
ባልገባ ያለኝ ሌላ ምርጫ ምንድን ነው? የቀረ መደበኛ ሕክምና አለ? ሕመምን የማስታገስ ሕክምናስ?
በጥናቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እመረመራለሁ? ከቤቴ ስንት ቀን እርቃለሁ?
የመድኃኒቱን፣ የምርመራውን፣ የማደሪያውንና የመጓጓዣውን ወጪ ማን ይሸፍናል? ብጎዳ ማን ያክመኛል?
በመካከል ላቋርጥ ብል እችላለሁ? ካቋረጥኩ መደበኛ ሕክምናዬ ይቀጥላል?
መድኃኒቱ ቢረዳኝ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ማግኘቴን እቀጥላለሁ?
ጥናቱን የገመገመው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የትኛው ነው? በሕዝብ መዝገብ ላይ የተመዘገበበት ቁጥርስ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከአጭበርባሪም ይጠብቃል። በእውነተኛ ጥናት የተጻፈ የስምምነት ቅጽ፣ የኮሚቴ ፈቃድና የመዝገብ ቁጥር አለ፤ ለሚሞከረው መድኃኒት ሕመምተኛው እንዲከፍል መጠየቁም ያልተለመደ ነው። «በእርግጥ ያድናል፣ ገንዘቡን ቶሎ አስገባ» የሚል ሰው ካጋጠመ ነገሩ ጥናት አይደለም።

አራተኛ፣ የሚወሰደውን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ነው። ወደ ጠበልም ሆነ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን መሄድ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ማንም አይከለክልም። የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ካለ ግን በጉበትና በኩላሊት በኩል ከአዲሱ መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል መደበቅ አይገባም።

አምስተኛ፣ የጊዜን ዋጋ ማስላት ነው። በሰነዱ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት አሥራ አራት የምርመራ ቀናት ነበሩ። ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ ያለው 430 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ራሱ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የአውሮፕላን ጉዞው ይቀጥላል። ስለዚህ ምልልስ የማይታሰብ በመሆኑ ወዳጃችን ቢያንስ ሁለት ወር በባዕድ አገር መቀመጥ ነበረበት። ለአንዳንድ ሰው ይህ ለተስፋ የሚከፈል ተመጣጣኝ ዋጋ ነው። ለሌላው ደግሞ ከልጆቹ ጋር የሚያሳልፋቸው ሁለት ወራት ከአሥራ ስምንት በመቶ ይበልጣሉ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህን የሚመዝን ቀመር በፊዚክስ ውስጥ የለም።

ማጠቃለያ

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ከወዳጃችን ጋር አዲስ አበባ ሄደን ቀድሞ ያከመውን የካንሰር ሐኪም አነጋገርን። ሐኪሙ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መለሱልን፤ የማያውቁትንም «ይህን አላውቅም፤ ወደ ማዕከሉ እጽፋለሁ» አሉን። በሰነዱ ውስጥ መልስ ያልተገኘለት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እርሱም የእናቱ ነበር። «ልጄ፣ እዚያ ሲደክመው ማን ይደግፈዋል?» ብለውናል። ሃያ ሁለቱን ገጾች ያነበብነው እኛ ይህን አላሰብነውም ነበር። ለዚህም ጥያቄ ከወንድሞቹ ጋር ተቀምጠን ሁለት ዓይነት ዕቅድ አወጣን፤ አንደኛው ከሄደ፣ ሁለተኛው ከቀረ።

ወዳጃችን የወሰነው ምን እንደሆነ በዚህ ገጽ አንጽፍም። ውሳኔው የእርሱ ነው፤ አንባቢም በእርሱ ውሳኔ የራሱን ወዳጅ እንዲመዝን አንሻም። ልንል የምንችለው ውሳኔውን ሲነግረን ምክንያቱን በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረድቶ፣ የማያውቀውንም ለይቶ የተናገረ መሆኑን ነው። የመጀመሪያ መልሳችንንም አንሥተን ይቅርታ ጠየቅነው። «ምን የምታጣው ነገር አለ?» ላልነው፣ እርሱ ራሱ ዝርዝሩን ሰጠን፦ ጊዜ፣ ጉልበት፣ የወንድሞቹ ገንዘብ፣ የልጆቹ ምሽት። ሊያገኝ የሚችለውንም አብሮ ዘረዘረው፦ የዕጢ ማነስ፣ ምናልባትም ዕድሜ፣ ለሌሎች የሚተርፍ ዕውቀት።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ከእናንተ መካከል ነገ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም የምርምር ሰው የምትሆኑ አላችሁ። ሁላችሁም ደግሞ አንድ ቀን የአንድ ሕመምተኛ ወዳጅ መሆናችሁ አይቀርም። በክፍል ውስጥ የምንማረው የዕድልና የአማካይ ስሌት በዚያ ቀን ይጠቅማችኋል፤ ለወዳጃችሁ ለመወሰን ሳይሆን፣ እርሱ አውቆ እንዲወስን ለማገዝ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ስሌት አያሻውም፤ ሄደም ቀረም አብሮት መሆን ነው።